የቶል ቅጣት ደብዳቤ፦ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚወራውና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር የኛ ሰው መኪና ካለው፣ ይዋል ይደር እንጂ ቤቱ አንድ ፖስታ ይመጣል። ስታዩት የታርጋችሁ ፎቶ፣ ቀን፣ ሰዓትና የመንገዱ ስም አለበት። ቶሉ (የመንገዱ ማለፊያ ክፍያ) ጥቂት ዶላር ነው። ከሥሩ «የአስተዳደር ክፍያ» የሚለው ግን ከቶሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኡበርና ታክሲ ለሚነዱ፣ ደለስ ኤርፖርት ለሚመላለሱ ደግሞ ፖስታው አንድ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ቡና ላይ ምክር ሞልቷል። አንዱ «ቀድዳችሁ ጣሉት» ይላል፣ ሌላው «ከፍላችሁ ተገላገሉ»። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣል። በብዛት የሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኢዚፓስ መስታወቴ ላይ አለ፤ ቅጣት ሊመጣብኝ አይችልም»

ይመጣል። እንዲያውም ለመከራከር ጥሩ ምክንያት የሚኖራችሁ ኢዚፓስ ሲኖራችሁ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመንገዱ በላይ የተሰቀለው አንቴና ኢዚፓስን፣ ማለትም መስታወት ላይ የምትለጠፈውን የቶል መክፈያ መሣሪያ፣ ያነባል። ካላነበበ ካሜራው ታርጋውን ያነሳና ሲስተሙ ታርጋው በየትኛው አካውንት እንደተመዘገበ ይፈልጋል። ካገኘ ቶሉን ከዚያ ይቆርጣል፣ ነገሩ አለቀ። ካላገኘ የባለቤቱን አድራሻ ከዲኤምቪ (ከመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) ወስዶ ደብዳቤ ይልካል።

ስለዚህ ደብዳቤ እንዲመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር መበላሸት አለበት። መሣሪያዋ አልተነበበችም፤ ታርጋውም አካውንቱ ላይ የለም። መኪና ቀይራችሁ አዲሱን ታርጋ አላስገባችሁ ይሆናል። ወይም አካውንቱ ላይ ያለው ሻጩ የሰጣችሁ ጊዜያዊ ታርጋ ነው፤ ቋሚው ሲመጣ ማን ያስታውሰዋል? ዜሮን «ኦ» ብሎ መጻፍ፣ የሜሪላንድን ታርጋ ቨርጂኒያ ብሎ መመዝገብም ያው ነው። መሣሪያዋ ከመስታወቱ ወርዳ ከተሳፋሪው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ከሆነች ወይም ባትሪዋ ከሞተ አንቴናው አያያትም።

ሌላው ካርድ ነው። ባንክ አዲስ ካርድ ልኮ እናንተ አካውንቱ ላይ ካላደሳችሁት ሒሳቡ ሳታውቁት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይሄኛው ላይ መከራከሪያችሁ ደካማ ነው፤ ቢሆንም ሒሳቡን ሞልታችሁ የአስተዳደር ክፍያው እንዲነሳ መጠየቅ አያስነውርም።

በዚያ ቀን አካውንታችሁ ክፍት ከነበረና ገንዘብ ከነበረው ጥያቄያችሁ ቀላል ነው፦ ቶሉን ከአካውንቴ ቁረጡ፣ የአስተዳደር ክፍያውን አንሱ። የዚያን ወር የአካውንት መግለጫ አያይዙ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

«ስህተት ስለሆነ ዝም ብተወው ይረሱታል»

ኮምፒውተር አይረሳም። ከሁሉም በላይ ኪስ የሚያራቁተው ይሄ ሐሳብ ነው።

የቨርጂኒያ ኤክስፕረስ ሌን (በክፍያ የሚኬድበት ፈጣን መስመር) ጉዳይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሕጉ ለመጀመሪያው ጥፋት 50፣ ለሁለተኛው 100 ዶላር ቅጣት ያስቀምጣል። በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ከተደጋገመ ለሦስተኛው 250፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ 500 ይደርሳል። ይህ ከቶሉ፣ ከአስተዳደር ክፍያውና ከፍርድ ቤት ወጪው ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በታርጋ ፎቶ የመጣን የቶል ሒሳብ ለመክፈል 30 ቀን አላችሁ። ካለፈ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ቅጣት ይጨመራል። ሁለቱም ስቴቶች ላይ ዞሮ ዞሮ የመኪና ምዝገባ እድሳት ሊታገድባችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ደብዳቤው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በየቀኑ 495 አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ደብዳቤ እጁ ሲገባ ያው ስህተት ብዙ ጊዜ ተደግሟል። ስለዚህ ደብዳቤው የመጣ ዕለት፣ ክርክር ከመጻፋችሁ በፊት፣ አካውንታችሁን ከፍታችሁ ታርጋውንና ካርዱን አስተካክሉ። ያለዚያ አንዱን ስታስነሱ አሥር እየተከተሉ ይመጣሉ።

«መጀመሪያ ልክፈል፣ ከዚያ እከራከራለሁ»

ከከፈላችሁ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ይዘጋል። የተዘጋን ፋይል አስከፍቶ ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ አበሳ ነው። ቶሉን እና የአስተዳደር ክፍያውን ለዩ። በመንገዱ ከሄዳችሁ ቶሉ የእናንተ ዕዳ ነው። ክርክሩ ያለው ከላዩ የተጨመረው ላይ ነው።

«ካሜራ አይሳሳትም»

ታርጋ የሚያነበው ሶፍትዌር ነው፤ ቆሻሻ፣ በረዶ፣ የታርጋ ፍሬም ያሳስተዋል። ፎቶውን በደንብ እዩት። የእናንተ ካምሪ ነው ወይስ የሌላ ሰው ፒክአፕ? ቀለሙስ? ፊደላቱን አንድ በአንድ አነጻጽሩ፤ በተለይ 8ን ከ«ቢ»፣ 1ን ከ«አይ»። ታርጋው የየትኛው ስቴት እንደሆነም ተመልከቱ። ደብዳቤው ላይ የታተመው ጥቁር ምስል ካልታየ በኢንተርኔት የተሻለ ፎቶ መኖሩን ፈልጉ፣ ካጣችሁ ጠይቁ። መኪናው የእናንተ ካልሆነ የራሳችሁን መኪና ፎቶና የምዝገባ ወረቀት ኮፒ ላኩ።

«መኪናውን ሸጫለሁ፤ አይመለከተኝም»

ሽያጩ ብቻውን አያድናችሁም። ደብዳቤው የሚላከው ዲኤምቪ ዘንድ ስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ሲሸጥ ታርጋው የሻጩ ነው፣ ፈትታችሁ ማስቀረት አለባችሁ። ሜሪላንድ ውስጥም ታርጋው ይመለሳል እንጂ ከመኪናው ጋር አይሄድም። የኛ ሰው ግን ጓደኛ ለጓደኛ ሲሸጥ «ታርጋውን እስኪያወጣ ይንዳበት» ይላል። ደግነቱ ጥሩ ነበር፣ ግን ቶሉም ቅጣቱም በእናንተ ስም ይመጣል።

ሕጉ መኪናውን የነዳው ባለቤቱ ነው ብሎ ይነሳል፤ ይህን ግምት ማፍረስ ግን ይቻላል። ከሸጣችሁ የሽያጭ ውሉንና ለዲኤምቪ ያሳወቃችሁበትን ላኩ። ከተሰረቀ የፖሊስ ሪፖርት። ሌላ ሰው እየነዳ ከነበረ ቨርጂኒያ ውስጥ በቃለ መሐላ የተረጋገጠ ጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ መላክ ወይም ቀርቦ መመስከር ይቻላል። የነዳውን ሰው ስምና አድራሻ መስጠትም ሊጠበቅባችሁ ይችላል። የአጎት ልጅ ከሆነ እንግዲህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ አለቀ»

ስልክ የምታነሳው ልጅ ትሕትናዋ ደስ ይላል። ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ያወራችሁት ነገር ምንም ማስረጃ የለውም። በጽሑፍ አድርጉት። የደብዳቤውን ቁጥር፣ የታርጋውን ቁጥር፣ የጉዞውን ቀንና ሰዓት፣ ምን እንድታነሱልኝ እፈልጋለሁ የሚለውን በአራት አምስት መስመር ጻፉ። ስለ ኑሮ ውድነት የሚተርክ ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። በኢንተርኔት ከላካችሁ የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሱ። ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ እሱን አታሳልፉ።

«ፍሌክሱን ኤችኦቪ ላይ ካደረግኩት በነጻ እሄዳለሁ»

ፍሌክስ ቁልፍ (ስዊች) ያላት ኢዚፓስ ናት፤ ቁልፏ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) ላይ ሲሆን ኤክስፕረስ ሌን ላይ በነጻ ታሳልፋለች። ግን መኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ካለ ብቻ። ሹፌሩም፣ የሕጻን ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅም ይቆጠራሉ። 66 አውራ ጎዳና ላይ ድሮ ሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ሦስት ሆኗል። በድሮው ልማድ የሚሄዱ አሁንም አሉ።

ሦስት ሆናችሁ ሳለ ተራውን ኢዚፓስ ይዛችሁ ከገባችሁ ደግሞ ትከፍላላችሁ። ቁልፍ ያላት ፍሌክስ ካልሆነች ሲስተሙ ስንት ሰው እንዳለ አያውቅም።

«ነጥብ ይቆጠርብኛል፣ ኢንሹራንሴም ይጨምራል»

ቨርጂኒያ ውስጥ ያልተከፈለ ቶል የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ላይ አይጻፍም። ሁለት ሰው ይዞ ኤችኦቪ ላይ ሲሄድ በትሩፐር (በስቴት ፖሊስ) የተያዘ ግን ሌላ ነው፣ ሲደጋገም ነጥብም አለው።

«ቴክስት ደርሶኛል፤ ቶሎ ልክፈል»

አትክፈሉ። «ያልተከፈለ ቶል አለብህ፣ ዛሬ ካልከፈልክ ትቀጣለህ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ሲመጣ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ተነሱ። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከማርች መጀመሪያ ወዲህ ብቻ ከ2,000 በላይ አቤቱታ ደርሶት ነበር። ሊንኩን ሳትነኩ የአካውንታችሁን ገጽ ራሳችሁ ከፍታችሁ ዕዳ መኖሩን እዩ። እንግሊዝኛ ለማይቀላቸው እናትና አባታችሁም ንገሩ፤ እነሱ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ነው ቶሎ የሚከፍሉት።

«ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ አይሞከርም፣ እንግሊዝኛዬም አይበቃም»

ቨርጂኒያ ውስጥ ጉዳዩ የሚታየው ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም የሚቀርበው ብቻውን ነው። አማርኛ ተርጓሚ ከፈለጋችሁ ከቀጠሮው ቀን ቀደም ብላችሁ የፍርድ ቤቱን ክለርክ (ጽሕፈት ቤቱን) ጠይቁ፤ በዕለቱ ከጠየቃችሁ ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው መቅረት ነው። ካልቀረባችሁ ዳኛው እናንተን ሳይሰማ ሊፈርድ ይችላል። የአካውንት መግለጫውን፣ ፎቶዎቹን፣ የጻፋችሁትን ደብዳቤ ሦስት ሦስት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፦ ለዳኛው፣ ለከሳሹ፣ ለራሳችሁ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለዳኛው አይመችም። ስማችሁ ከመጠራቱ በፊት የቶል ድርጅቱ ተወካይ ኮሪደር ላይ ሊያነጋግራችሁ ይችላል፤ ብዙ ጉዳይ እዚያው በስምምነት ያልቃል። ከተስማማችሁ ስንት እንደምትከፍሉ በወረቀት ተቀበሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊትም ክሱ መዘጋቱን ክለርኩን ጠይቁ። ምዝገባችሁ ታግዶ ከነበረ እገዳው መነሳቱን ከጥቂት ቀናት በኋላ ዲኤምቪ ላይ አረጋግጡ።