ሮድስ ለዕረፍት ስትሄዱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አውሮፓ ለሚኖር ሰው የግሪኳ ሮድስ ደሴት ሩቅ አይደለችም። ሰመር ላይ ከብዙ ከተሞች ቀጥታ በረራ አለ። ነገር ግን ከሰው ሰው የሚወራው ብዙው ነገር ልክ አይደለም። በዚህ የተነሳ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሳምንቱን በሙሉ ከሆቴሉ መዋኛ ሳይርቅ የሚመለስ አለ። ይህ ያሳዝነኛል። በተደጋጋሚ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«የግሪክ ደሴት ማለት ነጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት ነው»

በፎቶ የምታዩት እሱ የሌላዋ የግሪክ ደሴት የሳንቶሪኒ ነው። ሳንቶሪኒ ውብ ናት፤ የታወቁት ዳርቻዎቿ ግን እሳተ ገሞራ የተወው ጥቁር አሸዋና ጠጠር ናቸው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ሮድስ ትሻላለች ባይ ነኝ። እዚህ የሊንዶስ መንደር ቤቶች ነጭ ናቸው፤ የሮድስ አሮጌ ከተማ ግን ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነው። የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት፣ የመስቀል ጦርነት ዘመን ወታደር መነኮሳት፣ እ.ኤ.አ. ከ1309 እስከ 1522 ገዝተውታል። ግንቡ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፤ ውስጡ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ዩኔስኮ በ1988 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከግንቡ ሥር ባለው ደረቅ ቦይ ውስጥ በእግር ተንሸራሸሩ።

«ባህሩ በሁሉም በኩል አንድ ነው»

አይደለም። ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባችሁም ይህንን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግሪኮች ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። የደሴቷ ምዕራባዊ ዳርቻ ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚቀበል ማዕበል ይበዛበታል፤ ጠጠራማም ነው። ምሥራቁን ግን ተራሮቹ ይከልሉታል። ፋሊራኪና ጻምቢካ በተባሉት ዳርቻዎች ላይ አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ውሃውም ቀስ በቀስ ነው የሚጠልቀው። ዋና የማይችል ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ መጫወት ይችላል።

አንድ አደጋ ግን አለ። በምሥራቅ በኩል ነፋሱ ከየብስ ወደ ባህር ይነፍሳል። ውሃው የተኛ ይመስላል። ሕፃን የተቀመጠበትን፣ በአየር የተነፋ ጎማ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጥልቁ ሊገፋው ይችላል። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባህር ርቀን ስለሆነ ይህን የነገረን የለም። ነፋስ ያለ ቀን ጎማውን ከሆቴሉ መዋኛ አታውጡት። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን አይግባ።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ አያቃጥለንም»

ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ይረዳል፤ ግን አይበቃም። የአዲስ አበባ ፀሐይም ኃይለኛ ናት፤ እዚያ ግን ልብሱን አውልቆ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጋደም የለም። ዳርቻ ላይ ደግሞ አሸዋውና ውሃው ጨረሩን ወደ እናንተ ይመልሱታል። ማዲያት ያለባት ሴት ብሶባት ልትመለስ ትችላለች። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀቡ። በየ2 ሰዓቱ፣ ከውሃ በወጣችሁም ቁጥር ድገሙት።

«ዳርቻው የሆቴሉ ነው»

በግሪክ ሕግ የባህር ዳርቻ የሕዝብ ነው። የምትከፍሉት ለወንበሩና ለጃንጥላው ነው። ፎጣችሁን አንጥፋችሁ በነፃ ተቀመጡ።

«ፍልሰታ ላይ ከሄድን የምንበላው አናገኝም»

ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ግሪኮች ኦርቶዶክሶች ናቸው። እነሱም ለእመቤታችን ይጾማሉ፤ ጾማቸው ከነሐሴ 1 እስከ 14 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ15ኛው ቀን በዓሉ በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ነው። የእኛ ፍልሰታ በነሱ አቆጣጠር ከነሐሴ 7 እስከ 21 ስለሆነ አንድ ሳምንት ያህል አብረን እንጾማለን።

የጾም ምግብን «ኒስቲሲሞ» ይሉታል። ቃሉን ያዙት። ፋቫ የሚሉት የተፈጨ ክክ የእኛን አልጫ ያስታውሳል። ኾርታ የተቀቀለ ቅጠል ነው፣ በወይራ ዘይትና በሎሚ። ጊጋንቴስ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ነጭ አደንጓሬ ነው። የሮድስ የራሷ የሆነው ፒታሩዲያ ደግሞ ከሽምብራ፣ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከናና ተደርጎ ይጠበሳል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ እነሱ ኦክቶፐስና ሽሪምፕን ደም የላቸውም ብለው በጾም ይበላሉ። ስለዚህ «ኒስቲሲሞ» ካላችሁ በኋላ የባህር ምግብ እንደሌለበትም ጠይቁ።

«ቢራቢሮ ሸለቆ ሄዶ ማጨብጨብ ነው»

እባካችሁ እንዳታደርጉት። ፔታሉደስ በተባለው ሸለቆ የሚሰበሰቡት እነዚህ ፍጥረታት ቀን ቀን ግንድ ላይ ተለጥፈው ያርፋሉ። ሰው ቀይ ክንፋቸውን ለማየት ሲል ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። በዚያ ወቅት ጉልበታቸውን ቆጥበው ነው የሚቆዩት፤ ደጋግመው ከበረሩ ለመራባት የሚያስፈልጋቸው አቅም ያልቃል። ዝም ብላችሁ እለፉ፤ እንዲሁም ታዩአቸዋላችሁ።

«ሪዞርት የሚኬደው ለመዋኘት እንጂ ለመሳለም አይደለም»

ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናል። ከጻምቢካ ዳርቻ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ትንሽ የእመቤታችን ገዳም አለች። መኪናው ከቆመበት ወደ 300 የሚጠጋ ደረጃ ይወጣል። ልጅ የሚመኙ ሴቶች በባዶ እግራቸው ወጥተው ይሳላሉ። ስለታቸው የሰመረላቸው ልጁን ጻምቢኮስ፣ ልጅቷን ጻምቢካ ይላሉ፤ በደሴቷ ይህ ስም የበዛው ለዚህ ነው። ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ውጡ፤ ከዚያ ወርዳችሁ ዋኙ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ስላለበት ነጠላም ከዋና ልብሳችሁ ጋር ሻንጣ ውስጥ ጨምሩ።