ለካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጆች መዋጮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም 20 ቀን፣ መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ቶሮንቶ ያሉ የሐበሻ ልጆችም ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ፊሊስ ዌብስታድ በ1973 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አያቷ የገዙላትን አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወደሚገኝ፣ የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከቤተሰባቸውና ከባህላቸው ለመነጠል ወደተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ገፈፏት፤ ሸሚዙም አልተመለሰላትም። ልጆቻችን የሚለብሱት ለእርሷና እንደ እርሷ ከቤተሰብ ለተነጠሉት ነው። እኛ ወላጆች ግን ለእነዚህ ሕዝቦች ልጆች መዋጮ ሲጠየቅ ቡና ላይ የምንለው ሌላ ነው። የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«መንግሥት ሁሉን ይከፍልላቸዋል»

የእኛን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ክፍለ ሀገሩ ነው። ሪዘርቭ በሚባለው የነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ላለው ግን በጀቱ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ያ በጀት ከ1996 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገድቦ ነበር፤ የተማሪው ቁጥርና የኑሮ ውድነቱ ግን ገደብ አልነበረባቸውም።

በሰሜን ኦንታሪዮ አታዋፒስካት የምትባል መንደር አለች። በ1979 በትምህርት ቤቱ ሥር ናፍጣ ፈሰሰ፤ ሕንፃው በ2000 ተዘጋ። ልጆቹ በጊዜያዊ ክፍሎች ተበታትነው፣ በዚያ ብርድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ኮት ደርበው እየወጡ ተማሩ። በ2008 የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የምረቃ ሽርሽራቸውን ትተው ኦታዋ ሄዱ። ሻነን ኩስታቺን የተባለች ልጅ የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚመራውን የፌዴራል ሚኒስትር ፊት ለፊት ትምህርት ቤት ጠየቀችው። አዲሱ ትምህርት ቤት በ2014 ሲከፈት ሻነን አልነበረችም፤ በ2010፣ በ15 ዓመቷ በመኪና አደጋ አርፋለች። ይህን እያወቅሁ «ሁሉ ተከፍሎላቸዋል» ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

«እንግዲያው ጉድለቱን በጎ አድራጊው ይሙላው»

ይህም ልክ አይደለም። ጆርዳን ሪቨር አንደርሰን በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ከነባር ሕዝቦች የተወለደ ሕመምተኛ ልጅ ነበር። ሐኪሞች ወደ ቤት መሄድ ይችላል ካሉ በኋላ፣ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚል ፌዴራሉና ክፍለ ሀገሩ ሲጨቃጨቁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆስፒታል ቆየ፤ በ2005፣ በአምስት ዓመቱ እዚያው ሞተ። ፓርላማው በ2007 በስሙ የተጠራውን መርሕ ተቀበለ፦ መጀመሪያ ልጁ ይረዳ፣ ሒሳቡ በኋላ ይተሳሰባል። በ2016ም የሰብአዊ መብት ችሎቱ መንግሥት ለእነዚህ ልጆች የእንክብካቤና የጥበቃ አገልግሎት በቂ በጀት ባለመመደብ አድልዎ መፈጸሙን ወሰነ። ዕዳ በምጽዋት አይከፈልም። የመዋጮው ቦታ ሌላ ነው፦ ኢንድስፓየር የተባለው የነባር ሕዝቦች በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1985 ጀምሮ እንዳደረገው ወጣቶችን መደገፍና ለነጻ ትምህርት ዕድል ገንዘብ ማሰባሰብ፣ አዛውንት ልጆችን ይዘው ዓሣ ማጥመድና ቋንቋ የሚያስተምሩበት የበጋ ካምፕ።

«አዳሪ ትምህርት ቤቱ የጥንት ታሪክ ነው»

የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። ካለፉባቸው 150,000 ያህል ልጆች ብዙዎቹ የዛሬ ተማሪዎች ወላጅና አያት ናቸው።

«ባህል ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይዋል»

ይህን ከሐበሻ አፍ ስሰማ ያመኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ፊደል ለማስቆጠር የምንሯሯጠው እኛው አይደለንም? የእኛ ልጅ አማርኛ ቢረሳ አዲስ አበባ የሚናገረው ሞልቷል። የእነርሱ ቋንቋ ግን ከዚያ መሬት በቀር መጠጊያ የለውም። በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር ሚክማቅ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በ1998 በወጣ ሕግ ትምህርታቸውን ራሳቸው ማስተዳደር ጀመሩ፤ ቋንቋቸውንም ክፍል ውስጥ አስገቡ። ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቁት ልጆቻቸው ወደ 90 በመቶ ደረሱ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ ከግማሽ በላይ ነዋሪ ቋንቋውን በሚናገርባቸው ማኅበረሰቦች ራሱን የሚያጠፋ ወጣት እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል።

«ለእነርሱ በቀጥታ መስጠት አይቻልም»

ከፊሉ እውነት ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በግብር መሥሪያ ቤቱ ላልተመዘገበ ማኅበር እንዲሁ ገንዘብ መስጠት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በ2022 ሕጉ ተሻሽሎ፣ አጠቃቀሙን እስከተከታተሉ ድረስ ተፈቀደ። የተመዘገቡ የነባር ሕዝቦች አስተዳደሮችም ራሳቸው የግብር ደረሰኝ ይሰጣሉ። በድርጅት በኩል የምትሰጡ ከሆነ ቦርዱ ውስጥ ከእነርሱ ማን እንዳለ፣ አስተማሪውንም ማን እንደመረጠ ጠይቁ።