ግማሽ ሄክታር ለአራት ልጅ፦ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ምንድን ነው?

አምና በግንቦት ሰቃ ጨቆርሳ አጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። ከጅማ ከተማ ብዙም አይርቅም። ስደርስ አጎቴ ከሁለት ትልልቅ ልጆቻቸው ጋር ቡናው ውስጥ ናቸው። አንዱ ልጅ የገመድ ጫፍ ይዟል፣ ሌላኛው ችካል ይመታል። መሬት እያካፈሉ ነበር።

ጠቅላላ ይዞታቸው ግማሽ ሄክታር ነው። ልጆቹ አራት ናቸው፤ ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት፣ ከዚያ ታናሹ ወንድ። ገመዱ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው የከፈለው።

«አጎቴ፣ እህታቸውስ?» አልኳቸው።

«እሷ ባል ቤት ናት።»

«ታናሹስ?»

«እሱ ይማራ!»

ችካል የሚመታው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ልጅቷ በሕግ ከወንድሞቿ እኩል የመውረስ መብት አላት። እዚያ ቡና ውስጥ ግን ስለ እሷ የተነገረው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የሚባለው ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። ቃሉን ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከካርታና ከቀለም ጋር አያይዤ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ከአጎቴ ገመድ ይጀምራል።

በአጭሩ እንዲህ ነው። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ማለት በአንድ ቀበሌ ወይም ወረዳ ውስጥ የቱ መሬት ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ተነጋግሮ መወሰን ነው። የቱ ይታረሳል፣ የቱ በቡና ይሸፈናል፣ የቱ ለግጦሽ ይተዋል፣ የቱ ጫካ አይነካም፣ ቤት የት ይሠራል፣ መንገድና ትምህርት ቤት በየት በኩል ይመጣል። ዋናው ቃል «አስቀድሞ» የሚለው ነው። ቤቱ ከተሠራ፣ ጫካው ከተመነጠረ በኋላ የሚሳል ካርታ የሆነውን መመዝገብ እንጂ ማቀድ አይደለም።

ጅማ ላይ ይህ ለምን አጣዳፊ ሆነ? ሰው ስለበዛ ነው። በ1999 በተደረገው ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለብቻዋ የተቆጠረችው ጅማ ከተማ ደግሞ ከ120 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎጆ ለመውጣት ደርሷል። ዞኑ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ሰው ገጠር ነው የሚኖረው፤ ኑሮው ከመሬት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ «መፍትሔው ቤተሰብ መመጠን ነው» ይላል። እኔም አምንበታለሁ። የ1985ቱ የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቅዶ ነበር። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአገሪቱ አማካይ 4.6 ደርሶ ነበር፤ በኦሮሚያ 5.4። ትልቅ ለውጥ ነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት።

ግን ልብ በሉ። የወሊድ ቁጥር ነገ ጠዋት ቢወርድ እንኳ የተወለዱት ልጆች አሉ። አድገዋል፣ ያገባሉ፣ ቤት ይፈልጋሉ። የአጎቴ አራት ልጆች የሚወልዱት ሁለት ሁለት ብቻ ቢሆን ስምንት የልጅ ልጅ ነው። ግማሽ ሄክታሩ ያው ግማሽ ሄክታር ነው። ስለዚህ ቤተሰብ መመጠን ለሚመጣው ትውልድ መልስ ይሰጣል እንጂ ገመድ ይዞ ለቆመው ልጅ መልስ አይሆንም። ለእሱ የሚያስፈልገው ዕቅድ ነው።

እስቲ የአጎቴን መሬት እናስላው። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። ለአራት እኩል ቢካፈል ለአንድ ሰው 1,250 ካሬ ይደርሳል። ቡና በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢተከል ከ312 እግር አይበልጥም። ያውም ቤት፣ ጓሮና መተላለፊያ ሳይነሳለት። በዚህ ላይ ቤተሰብ ይተዳደራል ማለት ይከብዳል።

ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1999 የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130 ለወደፊቱ ዝቅተኛ የይዞታ መጠን አስቀምጦ ነበር። ዓመታዊ ሰብል ለሚመረትበት ግማሽ ሄክታር፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ሩብ ሄክታር። በዚህ ስሌት የአጎቴ ቡና ከሁለት በላይ መከፈል የለበትም። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? በቃል ይካፈላል። የይዞታ ደብተሩ በአባት ስም ይቀመጣል፣ መሬቱ ላይ ግን ሦስትና አራት አባወራ ይኖራል። ወረቀቱ ላይ ያልተከፈለው መሬት እውነቱን ካያችሁት ተበጣጥሷል። ሕጉ «አትክፈል» ይላል፤ «ታናሹ የት ይሂድ?» ለሚለው ግን ብቻውን መልስ የለውም። በእኔ እምነት ዕቅድ የሚባለው ነገር ዋጋ የሚለካው ለዚህች ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

መልስ ሲጠፋ ሰው ሦስት ቦታ ይሄዳል። ሦስቱንም ጅማ ዙሪያ በዓይን ማየት ይቻላል።

አንዱ ወደ ዳገት ነው። ደዶ ወይም ኦሞ ናዳ በኩል ብትሄዱ፣ ሰው ቆሞ ለመሄድ የሚቸገርበት ቁልቁለት በቆሎ ተዘርቶበት ታያላችሁ። በ1997 የወጣውና እስከ 2016 ድረስ የሠራው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት ይከለክል ነበር። 60 በመቶ ማለት አንድ መቶ ሜትር ወደፊት ስትሄድ ስድሳ ሜትር ሽቅብ ትወጣለህ ማለት ነው። ከ31 እስከ 60 ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። ርቦት ዳገት የወጣን ሰው ግን አዋጅ ብቻውን አያወርደውም። ዝናቡ ሲመጣ አፈሩ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ላይ በ1996 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። አፈሩ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። ደዶ ላይ የተነቀለ ዛፍ አዲስ አበባ ካለ አምፖል ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ወደ ጨፌ ነው። ከተማችን ጫፍ ያለውን ቦዬን ተመልከቱት። ክረምት ውሃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ረግረግ ነው። ዛሬ ጠርዙ ታርሷል፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ ጭቃው ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል። ጡቡን የሚያወጡት ወጣቶች ሥራ ይዘዋል፤ ተዉ ለማለት ሌላ ነገር ማሳየት ያስፈልጋል። ጨፌው ሲያልቅ ግን ምንጩም ይደርቃል።

ሦስተኛው ወደ አስፋልት ዳር ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄዱ ቤቱ መንገዱን ተከትሎ እንደ ክር ተዘርግቷል። መብራትና ባጃጅ እዚያ ስላለ ሰው ትክክል ነው። ችግሩ እንዲህ ለተዘረጋ ሰፈር ውሃ ማዳረስ ውድ ነው፣ ልጆችም በመኪና መሃል እየተሽሎከለኩ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። የሚሠራበት መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርጡ ሜዳ ነው።

ዕቅድ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ ተዳፋቱ፣ አፈሩ፣ ምንጩ፣ ጫካው በካርታ ይሠፍራል። ከዚያ የአካባቢው ሰው ተቀምጦ ይነጋገራል። የቱ ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ ከብት በየት በኩል ውሃ እንደሚወርድ ከባለሙያው ይልቅ እሱ ያውቃል። ከዚያ አንዱ ሜዳ ለቤት ይለያል፤ ውሃና መብራት ወደዚያ ይመጣል። ዳገቱ ለዛፍና ለሣር ይተዋል። መሬት ለማይደርሰው ልጅ ከቡና ማጠቢያ፣ ከንብ፣ ከወተት፣ ከትንንሽ ከተሞች ንግድ ሥራ ይታሰብለታል። ይህ የመጨረሻው ከሌለ የቀረው ሁሉ ቀለም ነው።

ሊሆን እንደሚችል ደግሞ እዚሁ ዞናችን አይተናል። በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ጫካውን ይጠብቃሉ፤ በምትኩ የጫካ ቡናውን የመጠቀም መብት ተሰጣቸው። ቡናቸው የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ለውጭ ገበያ ቀርቧል። ጫካ አትንኩ ብቻ አልተባሉም፤ ጫካው ቆሞ ገቢ እንደሚያመጣ አዩ።

ሽማግሌዎች «ዕቅድ» ሲባል ለምን እንደሚጠረጥሩም መርሳት የለብንም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ ነበር። ሰው ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሰፍር ተደረገ። ከብቱም ቡናውም ሩቅ ቀረ። ዘመኑ ሲያልፍ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ቦታው ሄደ። አጎቴ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። «ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ጣራዬን አስነቅሎኛል» ይላሉ። እኔ ይህን ሲሉ አልከራከራቸውም። ሰው ሳይጠየቅ የተሠራ ዕቅድ የሚተወው ቁስል እንደዚህ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ አይሽርም።

በኅዳር፣ ቡና ሲለቀም፣ ተመልሼ ሄድኩ። ችካሎቹ ተነቅለዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ቡናውን ሳይከፍሉ አብረው ለመልቀምና ገንዘቡን ለመካፈል ተስማምተዋል። እህታቸውም ድርሻ እንዲኖራት አክስቴ አጥብቀው ይዘዋል፤ ገና አልተቋጨም። ታናሹ እሸት ቡና በቅርጫት ተሸክሞ መጣና አጠገቤ አወረደ።

«ቤት የምትሠራው የት ነው?» አልኩት።

ቀበሌው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ሜዳ ለቤት መሥሪያ ሊለይ ስብሰባ ጠርቷል አለኝ። ስብሰባው ሐሙስ ነው። አጎቴ የገበያ ቀን ነው ብለው እያጉረመረሙ ነበር፤ ግን እንደሚሄዱ ነገሩኝ።