የሥራ አጥነት ምጣኔ ምንድን ነው? ለገሃሬ ያለ አንድ ግቢ ሲቆጠር

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መንገድ የወጣ እንግዳ ይሳሳታል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ቆሟል፣ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫው ላይ ነው። "ይሄ ሁሉ ሥራ ፈት!" ቢል አልፈርድበትም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ያው ሱቅ ይከፈታል፣ ያው ባጃጅ ቀፊራና ከዚራ መመላለስ ይጀምራል። ሰው ሲሠራ ስላላየነው ብቻ ሥራ የለውም ማለት አይቻልም።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት ስም አለው። "ሥራ ፈት" ስድብ ነው፤ ጥፋቱን ሰውየው ላይ ይጥላል። "ሥራ አጥ" ያጣውን ሰው ያሳያል፣ ፈልጎ ይጣ ሳይፈልግ ግን አይነግረንም። "ሥራ ፈላጊ" የሚሮጠው ነው። የሚገርመው፣ ስታቲስቲክሱ የሚጠራው "ሥራ አጥ" ብሎ ቢሆንም የሚለካው ሦስተኛውን ነው። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሚጠቀምበት ትርጉም አንድ ሰው ሥራ አጥ የሚባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። በተጠየቀበት ሳምንት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ አልሠራም፤ ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ ነው፤ ሥራም ሲፈልግ ቆይቷል፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለፉት አራት ሳምንታት። አንዱ ከጎደለ ሥራ አጥ አይደለም። ምጣኔው ደግሞ ሥራ አጦቹን ለሕዝቡ ሁሉ በማካፈል አይገኝም። የሚካፈለው ለሠራተኞቹና ለሥራ አጦቹ ድምር፣ ማለትም "የሰው ኃይል" ለሚባለው ነው።

አንድ ሰዓት! አዎ፣ አንድ ሰዓት። እኔም መጀመሪያ ሳነበው የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ነበር።

ይህን ሚዛን ይዤ ለገሃሬ ያለውን ግቢያችንን ቆጠርኩት። አሥር ትልልቅ ሰዎች አሉ። እትዬ ማታ ማታ በር ላይ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ፤ ሠራተኛ ናቸው። ባላቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ከሰው ኃይሉ ውጭ። ወንዱ ልጃቸው አካውንቲንግ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የማይቆምበት ቀን የለም፤ ሥራ አጥ። የኋላ ክፍል የተከራዩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ጫት ይሸጣል፣ ታናሽየው ጫኝና አውራጅ ነው። ታናሽየው በዚያ ሳምንት ያገኘው የማክሰኞን አንድ መኪና ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ሠራተኛ ተብሎ ይመዘገባል። የጎረቤታችን ባጃጅ ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ነበረች፤ ሹፌሩ አልሠራም፣ ሥራው ስለሚጠብቀው እሱም ሠራተኛ ነው። አንዷ ሕፃናት ታሳድጋለች፣ አንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሁለቱም ከሰው ኃይሉ ውጭ።

ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዷ የእትዬ ልጅ ናት፤ ዲግሪ አላት፣ ማታ ማታ ሊጥ ትዳምጣለች፣ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። ደመወዝ የላትም። የቤተሰብ ንግድ ላይ ያለ ክፍያ የሚያግዝ ሰው ግን በመዝገቡ ሠራተኛ ነው። ይህን ስነግራት ዘይት የነካ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች ቀረችና "አቦ! ታዲያ ደመወዜን ማን በላው?" አለችኝ። ሌላዋ ከጥግ ያለው ክፍል ተከራይ ናት። ስድስት ወር ማመልከቻ ስታስገባ ቆይታ ተወችው። "ካለ እሠራለሁ፣ መዞር ግን ሰለቸኝ" ትላለች።

እንግዲህ ሂሳቡ፦ ሠራተኛ አምስት፣ ሥራ አጥ አንድ። አንድ ለስድስት ሲካፈል 16.7 በመቶ ይሆናል። መዞር የሰለቻት ልጅ የትም የለችም።

አገራችን ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ላላ ያለ ትርጉም ነው። ሥራ የሚፈለግበት መንገድ ባልተደራጀበት አገር "ፈልገሃል ወይ?" ብሎ ማጥበቅ እውነቱን ያጠፋል በሚል፣ ሥራ የሌለውና ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሁሉ ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል። በዚህኛው ልጅቷ ትገባለች፤ ሁለት ለሰባት፣ 28.6 በመቶ። ግቢው ያው ነው፣ ሳምንቱም ያው ነው። የእኛን ቁጥር ከኬንያ ወይም ከአሜሪካ ጋር የሚያነጻጽር ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የየትኛው ትርጉም እንደሆነ ነው። ዕድሜውም ይለያያል፦ የእኛ ጥናቶች ከ10 ዓመት ጀምሮ ሲቆጥሩ ኖረዋል፣ ሌላው ዓለም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ይጀምራል።

አሁን ተመራቂው ወንድም እንደ ልጅቷ ተስፋ ቆረጠ እንበል። በጥብቁ ትርጉም ሥራ አጥ ዜሮ፣ ምጣኔው ዜሮ። ማንም ሳይቀጠር ሥራ አጥነት ከግቢያችን ጠፋ። በተቃራኒው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰምታ ልጅቷ ማመልከቻ ብታስገባ፣ ማንም ከሥራው ሳይባረር ምጣኔው ከ16.7 ወደ 28.6 ይዘላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ ከማጨብጨብ፣ ሲወጣም ከመደንገጥ በፊት የሰው ኃይል ተሳትፎ ምጣኔውን፣ ማለትም ለሥራ ከደረሰው ሰው ስንቱ በሰው ኃይሉ ውስጥ እንዳለ የሚያሳየውን፣ ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የዜና ዘገባ ግን ይህቺን ሁለተኛዋን ቁጥር ብዙ ጊዜ ይረሳታል።

በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ሥራ አጥነት 4.5 በመቶ ነበር። ከብዙ ሀብታም አገሮች ያነሰ! ምክንያቱ ገበሬው ነው፤ ገጠር ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይቻልም፣ ማሳም ትንሽ ቢሆን ሁሉንም ያሠራል። ከተማውን ብቻ ሲያዩት 16.5 በመቶ ነበር። በ2010 የከተሞች ጥናት ደግሞ 19.1 ደረሰ፤ ወንዶች 12.2፣ ሴቶች 26.4 በመቶ። ድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎችም ስላሉት "የድሬዳዋ ሥራ አጥነት" የሚል ቁጥር ሲያዩ ከተማው ነው ወይስ ጠቅላላው ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

የድሃ አገር ዝቅተኛ ምጣኔ የሚያሳስተው፣ ሥራ አጥ ሆኖ መቆየት ራሱ የሚበላ የሚፈልግ ቅንጦት ስለሆነ ነው። ተመራቂው ሁለት ዓመት ሥራ መፈለግ የቻለው በአባቱ ጡረታና በእናቱ ሳምቡሳ ነው። ሲሚንቶ ያወረደው ልጅ ያን አቅም የለውም፤ ያገኘውን ይሠራል፣ ስለሠራም ከሥራ አጡ ዝርዝር ይወጣል። እሱን የሚይዘው መለኪያ ሌላ ነው፤ ተጨማሪ ሰዓት መሥራት እየፈለገ ያላገኘን ሰው የሚቆጥረው። በ2013 እ.ኤ.አ. የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ እንዲህ ያሉትንም፣ መፈለግ የተዉትንም አብረው የሚያሳዩ ተጨማሪ መለኪያዎች አስቀምጧል። እኔ ብጠየቅ ለድሬ ከዋናው ምጣኔ ይልቅ እነዚህን አነባለሁ።

የቀበሌ ምዝገባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚመዘገበው ብድር፣ ሼድ ወይም ሥልጠና አገኛለሁ ብሎ የሄደ ሰው ነው። ተስፋ ሲኖር ሰልፉ ይረዝማል። ከተመዘገበ በኋላ ሥራ አግኝቶ ስሙን የሚያሰርዝ ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም። "ለይህን ያህል ሺህ ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ" የሚለው ሪፖርትም ከምጣኔው ጋር በቀጥታ አይገናኝም፦ የገባውን ይቆጥራል፣ የወጣውን አይቀንስም፣ የሦስት ወር ሥራና ቋሚ ሥራም በአንድ ድምር ሊቀመጡ ይችላሉ።

ጥናቱ ቤት ለቤት የሚደረግ ቢሆንም ሁሉንም ቤት አይደርስም፤ ናሙና ነው። አንድ ከተማ ላይ የተጠየቀው ቤት ጥቂት በሆነ መጠን ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከዓመት ዓመት የታየች የአንድ በመቶ ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ላትሆን ትችላለች።

ጥያቄውም ስለ አንድ ሳምንት ነው። ጠያቂው ታብሌቱን ይዞ በረመዳን ቢመጣ ጫት ሻጩ ቀን ቀን ተኝቶ ያገኘዋል፤ እትዬ ቤት ግን ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ነው። ድስቱ ሁለት ይሆናል፣ የእትዬ ልጅ ብቻዋን አትችለውም፣ መዞር የሰለቻትም ከጥግ ክፍሏ ወጥታ በሳምቡሳ ቁጥር እየተከፈላት ትጠቀልላለች። በዚያ ሳምንት ሠራተኛ ናት። ከዒድ በኋላ ቢመጣ ኖሮ መልሷ ሌላ ነበር።