የአንግሎ ሳክሶን ጌጣጌጥና የብረታ ብረት ሥራ፦ ከእንግሊዝ አፈር የወጣው ወርቅ

አንግሎ ሳክሶን የሚባሉት ሕዝቦች ሮማውያን ብሪታንያን ለቀው ከወጡበት ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1066ቱ የኖርማኖች ወረራ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ የኖሩና የገዙ ናቸው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቶቹ በአማርኛ ቆራርጦም ቢሆን ይገኛል። ስለ እጅ ሥራቸው ግን የተሟላ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። እጅ ሥራቸው ደግሞ ከሁሉም በላይ መታወቅ የሚገባው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘመኑ ለረጅም ጊዜ «የጨለማ ዘመን» ሲባል ኖሯል። ይህን ስም አልቀበለውም። ቀይ ድንጋይ እንደ ወረቀት አሳስቶ ቆርጦ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ የወርቅ ክፍሎች ውስጥ አንድ በአንድ የሚገጥም ባለሙያ ያፈራ ሕዝብ በጨለማ የሚኖር አይደለም። ቤቶቻቸው ከእንጨት ስለነበሩ በስብሰዋል፣ ልብሳቸው ጠፍቷል። የተረፈው ብረቱ ነው። ወርቅ ደግሞ ጭራሽ አይዝግም፤ ከ1400 ዓመት በኋላ ከጭቃ ሲወጣ ትናንት የተሠራ ይመስላል።

መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዋናው ጌጥ የሴቶች የልብስ ማያያዣ ነበር። ቀሚሱ ትከሻ ላይ በሁለት ማያያዣ ይያዛል፤ በሁለቱ መካከል የዶቃ ድሪ ይንጠለጠላል። ብዙዎቹ ከነሐስ ተቀርጸው በወርቅ የተለበጡ ናቸው። ቅርጻቸው እንደየአካባቢው ይለያያል። በምሥራቅና በሰሜን ረዘም ያለ መስቀልያ ቅርጽ ይበዛል፣ በደቡብና በቴምዝ ወንዝ ዙሪያ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ክብ፣ በደቡብ ምሥራቅ ባለው በኬንት ደግሞ ቀይ ድንጋይ የተሰካበት ክብ። ቢድ የተባለው መነኩሴ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲጽፍ ሕዝቡ ከሦስት ነገድ፣ ከአንግል፣ ከሳክሰንና ከጁት የመጣ ነው ብሏል። የማያያዣዎቹ ስርጭት ከዚህ ጋር በመጠኑ ይገጥማል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ጌጥ ፋሽን እንጂ መታወቂያ አይደለም፣ ሴት የጎረቤቷን ጌጥ ወዳ ብታደርግ ነገዷ አይቀየርም ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም።

ጌጡ ላይ የሚታየው የእንስሳት ሥዕል ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ለማያውቅ ሰው ዝም ብሎ የተጠላለፈ ገመድ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ዓይን አለ፣ መንጋጋ አለ፣ ጭን አለ፤ እባብ የሚመስል አውሬ የራሱን ጀርባ ይነክሳል። በርንሃርድ ሳሊን የተባለ ስዊድናዊ ሊቅ በ1904 አሳትሞ ይህን አሠራር በደረጃ ከፋፍሎታል። ዛሬም ባለሙያዎች «ስታይል አንድ» እና «ስታይል ሁለት» ብለው የሚጠሩት የእሱን ክፍፍል ተከትለው ነው።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ይህን ሳያውቁ ዕቃዎቹን ማየት ግማሽ ማየት ነው። ቀዩ ድንጋይ ጋርኔት ይባላል። አንጥረኛው መጀመሪያ የወርቅ ሰሌዳ ላይ ቀጫጭን የወርቅ ግድግዳዎችን አቁሞ ክፍሎች ይሠራል። ጋርኔቱን በክፍሉ ልክ ይቆርጣል። ከድንጋዩ ሥር ደግሞ ጥቃቅን መስመሮች የታተሙበት ስስ የወርቅ ቅጠል ያነጥፋል። ብርሃን በድንጋዩ አልፎ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ እየተሰባበረ ይመለሳል፤ ጌጡ ሲንቀሳቀስ የሚያብለጨልጨው ለዚህ ነው። ድንጋዮቹን ለማስቀመጥ ከሥር ከሚሞሉት ነገር ውስጥ የንብ ሰም ተገኝቷል። ሌላው ሙያ የወርቅ ሽቦ ሥራ ነው፣ ሽቦው በጥቃቅን ፍሬዎች የተደረደረ እስኪመስል ድረስ ተቀርጾ ሰሌዳው ላይ ይበየዳል። በቅርብ ጊዜ ምርመራ ደግሞ አንጥረኞቹ ከወርቁ ገጽ ላይ ብሩን በኬሚካል አውጥተው ከውስጡ የበለጠ ቢጫ ያስመስሉት እንደነበር ታውቋል። ወርቁን ያገኙት በአብዛኛው የባይዛንታይንንና በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ ይገዙ የነበሩትን የፍራንኮች ሕዝብ ሳንቲም አቅልጠው ነው ተብሎ ይታሰባል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የወርቁ ጥራት እየወረደ መሄዱም በግልጽ ይታያል።

ጋርኔቱ ከየት መጣ? በቤተ ሙከራ እንደታየው በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የዋለው ብዙው ጋርኔት ከሕንድና ከስሪላንካ የመጣ ነው። በኋላ ግን አነስ ያለው የቦሔሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ድንጋይ ይተካዋል። ከሕንድ ወደ ሜዲትራኒያን የሚወስደው የባሕር መንገድ ያኔ በቀይ ባሕር ያልፍ ነበር፤ በቀይ ባሕር ላይ ደግሞ አዱሊስ ነበረች፣ የአክሱም ወደብ። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአንግሎ ሳክሶን ሴቶች መቃብር ውስጥ ከወገባቸው አጠገብ የዝሆን ጥርስ ቀለበት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የከረጢት አፍ መያዣ ነበር። ሊንከንሻየር ውስጥ ስክሬምቢ በተባለ ቦታ የተቆፈሩት ተመርምረው ውጤቱ በ2023 ታተመ። የአፍሪካ ዝሆን ነው፣ ዝሆኖቹ የኖሩት በዚያው ዘመን በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የጥርሱ ኬሚካላዊ ምልክትም እንደ ስምጥ ሸለቆ ያለ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ምድር ላይ የበላ እንስሳ መሆኑን ያሳያል። በዚያ ዘመን ከዚያ አካባቢ የዝሆን ጥርስ ወደ ውጭ የሚልክ ማን ነበር? በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴው ኮስማስ ከኢትዮጵያ የዝሆን ጥርስ በባሕር እንደሚላክ ጽፏል። ተመራማሪዎቹም አክሱምን ነው የሚጠቁሙት። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። የእንግሊዝ ገጠር ሴት የአክሱምን ስም ሰምታ ላታውቅ ትችላለች፣ ከረጢቷ ግን ከዚያ በመጣ ጥርስ ነበር የተያዘው።

ወደ ሰተን ሁ እንሂድ። ሱፎክ ውስጥ፣ በዴበን ወንዝ አጠገብ፣ የመቃብር ጉብታዎች ያሉበት ቦታ ነው። የመሬቱ ባለቤት ወይዘሮ ኢዲት ፕሪቲ በ1938 ባሲል ብራውንን ቀጠሩ። ብራውን ዲግሪ የሌለው፣ ራሱን ያስተማረ ቆፋሪ ነበር። በ1939 ትልቁን ጉብታ ሲከፍት የብረት ምስማሮች ተራ በተራ ብቅ አሉ። የመርከብ ምስማሮች ነበሩ። እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል፣ ቅርጹ ግን አሸዋው ላይ ታትሞ ቀርቷል፣ 27 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ። ብራውን ምስማሮቹን ከቦታቸው ሳያነቃንቅ አሸዋውን ብቻ እየጠረገ መሄዱ ነው መርከቡን ያተረፈው። በኋላ ከካምብሪጅ የመጡ ምሁራን ሥራውን ተረከቡት፤ የብራውን ስም በሙዚየም ማሳያው ላይ ለረጅም ጊዜ አለመጠቀሱ አሁንም ይቆጨኛል።

መርከቡ መካከል ያለው ክፍል ሲከፈት የወጣው ዕቃ ተቆጥሮ አያልቅም። ከ400 ግራም በላይ የሚመዝን የወርቅ ዘለበት አለ፣ ገጹ በሙሉ በተጠላለፉ አውሬዎች የተሸፈነ። እርስ በርስ የተጠላለፉ ከርከሮዎች ያሉባቸው የትከሻ ማያያዣዎች አሉ። የቦርሳ ክዳን፣ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ከፍራንኮች አገር የመጡ 37 የወርቅ ሳንቲሞች፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ከባይዛንታይን የመጣ የብር ሳህን ከንጉሠ ነገሥት አናስታስዮስ ማኅተም ጋር፣ ክራርም ሳይቀር። ከብዙ መቶ ስብርባሪ የተገጣጠመው የራስ ቁር ዛሬ የዘመኑ ሁሉ ምልክት ሆኗል። መጀመሪያ የተገጣጠመው በ1940ዎቹ ነበር፤ ስህተት ስለታየበት ተበትኖ በ1970ና 71 እንደገና ተሠራ።

አስከሬን ግን አልተገኘም። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ አጥንት ይበላል። በኋላ የተደረገ ምርመራ ሰው ተቀብሮበት እንደነበር ያመለክታል። ማን ነበር? ብዙ ሰው በ624 ገደማ የሞተው የምሥራቅ አንግሎች ንጉሥ ሬድዋልድ ነው ይላል፤ ይሆናል፣ ስሙ የተጻፈበት ነገር ግን የለም። ቢድ ስለ ሬድዋልድ ሲጽፍ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ለክርስቶስም ለጣዖትም መሠዊያ አቁሞ ነበር ይላል። በመርከቡ ውስጥ አረማዊ ቀብርና የክርስቲያን የብር ማንኪያ አብረው መገኘታቸው ከዚህ ጋር ይሄዳል።

በነሐሴ 1939 ጉዳዩን ያየው ሸንጎ ሀብቱ የወይዘሮ ፕሪቲ ነው ብሎ ወሰነ። እሳቸው ሁሉንም ለብሪቲሽ ሙዚየም በነፃ ሰጡ። ወዲያው ጦርነቱ ፈነዳና ዕቃው ለንደን ውስጥ በምድር ባቡር ዋሻ ተደብቆ ቆየ።

ቀጣዩ ታላቅ ግኝት የአርኪዮሎጂስት አይደለም። በሐምሌ 2009 ስታፈርድሻየር ውስጥ፣ ሊችፊልድ አጠገብ፣ አንድ ሰው በሜታል ዲቴክተር የታረሰ ማሳ ላይ ሲፈልግ ወርቅ አገኘ። ተቆጥሮ ሲያልቅ ወደ 4600 ቁርጥራጭ፣ ወደ 4 ኪሎ ወርቅና ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ብር ሆነ። ከዚህ የበለጠ የአንግሎ ሳክሶን ወርቅ በአንድ ቦታ ተገኝቶ አያውቅም። የሚገርመው ግን የሌለው ነገር ነው፤ የሴት ጌጥ የለበትም። በብዛት ያለው ከሰይፍ እጀታ ላይ የተነቀለ ጌጥ ነው። ስለቱ የለም፣ ወርቁ ብቻ ተገፎ፣ ተጠማዞና ታጥፎ ተቀብሯል። የተቀበረው ከ650 እስከ 675 ባለው ጊዜ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የጦር ምርኮ ይመስላል፣ ማን ከማን እንደማረከው ግን አይታወቅም።

ከመካከሉ በወርቅ የተለበጠ፣ ሁለት የታጠፈ ረጅምና ጠፍጣፋ የብር ቁራጭ አለ። ላዩ ላይ በላቲን፣ ፊደሉ ትንሽ እየተሳሳተ፣ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ አቤቱ ተነሣ፣ ጠላቶችህም ይበተኑ፣ የሚጠሉህም ከፊትህ ይሽሹ። ኦሪት ዘኁልቁ 10፥35፣ ታቦቱ ሲጓዝ ሙሴ ይለው የነበረው ቃል። ታቦት ሲወጣ አይቶ ያደገ ሰው ይህን ቃል ማስተርጎም አያስፈልገውም። ቁራጩ ከመስቀል ወይም ከሌላ ንዋየ ቅድሳት የተነቀለ ሳይሆን አይቀርም፤ ክርስቲያኖች ጦር ሜዳ ይዘውት ወጥተው ይሆናል የሚል ሐሳብም አለ።

ድልቡ፣ ማለትም ይህ ተቀብሮ የተገኘ ሀብት፣ 3 ሚሊዮን 285 ሺህ ፓውንድ ተገመተ። ገንዘቡ በሕዝብ መዋጮ ጭምር ተሰብስቦ የበርሚንግሃምና የስቶክ ሙዚየሞች ገዙት፤ አግኚውና የመሬቱ ባለቤት ተካፈሉት።

ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀጭን ነው፤ ክርስትና ከ597 ጀምሮ ከተስፋፋ በኋላ ሙታንን ከጌጥ ጋር መቅበር በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ የሚገኘው የጠፋ ወይም የተደበቀ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ብር ከጥቁር የኒዬሎ ማስጌጫ ጋር ይነግሣል። በ1693 ሶመርሴት ውስጥ የተገኘው የአልፍሬድ ጌጥ «አልፍሬድ አሠራኝ» ይላል፤ በደቡብ እንግሊዝ የነበረው የዌሴክስ መንግሥት ንጉሥ አልፍሬድ መሆኑን አብዛኛው ሰው ይቀበላል። የፉለር ማያያዣ ደግሞ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት በሰው መልክ ያሳያል። በጣም ደህና ሆኖ ስለቆየ ለተወሰነ ጊዜ አስመስሎ የተሠራ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ኒዬሎው ተመርምሮ እውነተኛነቱ ተረጋገጠ።

አሁን ሕጉ። በእንግሊዝና በዌልስ የ1996ቱ የድልብ ሕግ የተወሰነ ዕድሜና የከበረ ማዕድን ያለውን ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር (እንዲህ ያለውን ግኝት ለሚመረምር ሹም) እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሙዚየም ከፈለገው ተገምቶ ይከፈላል። በ1997 ደግሞ ሕጉ የማያስገድደውን ዕቃ ሁሉ በፈቃደኝነት የሚመዘግብ ሥርዓት ተጀመረ፤ ዛሬ መዝገቡ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃ አለ። አየርላንድ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ በ1980 ዴሪናፍላን ላይ ጽዋ በሜታል ዲቴክተር ከተገኘና ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ያለ ፈቃድ መፈለግ ተከለከለ። አንዳንድ አርኪዮሎጂስቶች የእንግሊዙ ሕግ ፈላጊውን ያበረታታል፣ ማሳውን ያስቆፍራል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን ማረሻውም እየሰባበረው ነው፣ ተመዝግቦ ቢወጣ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ለዚህ በ2015 የሆኑትን ሁለት ነገሮች ማየት በቂ ነው። ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ዋትሊንግተን የተገኘው የቫይኪንግ ዘመን ድልብ ወዲያው ተነገረ፣ ባለሙያዎች አፈሩን ከነዕቃው ቆርጠው አወጡት። በዚያው ዓመት ሄርፎርድሻየር ውስጥ፣ ሌምስተር አጠገብ ሌላ ድልብ ተገኘ፤ አግኚዎቹ ደብቀው ሸጡት፣ በ2019 ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ወደ 300 ሳንቲም እንደነበረ ይገመታል፣ የተመለሰው ጥቂቱ ነው። ሁለቱም ድልቦች ውስጥ አልፍሬድና በመካከለኛው እንግሊዝ የነበረው የመርሲያ መንግሥት ንጉሥ ቼዎልውልፍ አንድ ዓይነት ሳንቲም አሳትመው ይታያሉ፤ ይኸውም ተባባሪዎች ነበሩ ማለት ነው። የአልፍሬድ ወገን የጻፈው ዜና መዋዕል ግን ቼዎልውልፍን ሞኝ ሎሌ አድርጎ ነው ያስቀረው። የጽሑፉን ውሸት ያጋለጠው ሳንቲሙ ነው፤ ከሌምስተሩ የጠፋው ደግሞ ሌላ ምን ሊነግረን ይችል እንደነበር ማን ያውቃል።

ማየት ለሚፈልግ፣ የሰተን ሁ ዕቃ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም 41ኛው ክፍል ውስጥ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። የአልፍሬድ ጌጥና የዋትሊንግተን ድልብ ኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ናቸው። አንድ ተማሪ በ2014 ኖርፎክ ውስጥ ያገኘው የዊንፋርዚንግ የአንገት ጌጥ የኖሪች ካስል ሙዚየም ንብረት ነው። በ1771 የተቆፈረው የኪንግስተን ማያያዣ፣ በእኔ ዓይን የኬንት አንጥረኞች ምርጥ ሥራ፣ ሊቨርፑል ነው ያለው፤ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1850ዎቹ ማያያዣው ያለበትን ስብስብ አልገዛም ስላለ ነው እዚያ የገባው።