«ደሙ ይናገራል»? የህብለሰረሰር ጉዳት ባዮማርከር ምንድን ነው?

«አሁንማ ትንሽ ደም ቀድተው ሰውየው ተመልሶ ይራመድ አይራመድ ይነግሩሃል» ሲባል ስንቴ እንደሰማሁ እንጃ። አይነግሩህም። ላብራቶሪ ስለምሠራ ይሆናል ይኼን ያህል የሚያናድደኝ፣ ግን ባዮማርከር የሚለው ቃል ጠንቋይ ማለት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰውነት ውስጥ ስለሆነው ነገር ፍንጭ የሚሰጥ፣ የሚለካ ምልክት ማለት ብቻ ነው።

ህብለሰረሰር ሲጎዳ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ውስጣቸው የነበረው ፕሮቲን ይፈስሳል፣ ከዚያ ላይ ጥቂቱ ደም ውስጥ ይገባል። ጥቂት ስል በሚሊ ሊትር በፒኮግራም የሚለካ ነው፤ ፒኮግራም ደግሞ አንድ ግራም ለትሪሊዮን ሲካፈል ነው። ስማቸው አዘውትሮ የሚነሳው ጂኤፍኤፒ እና ኒውሮፊላመንት ላይት ናቸው። ጂኤፍኤፒ የነርቭ ሴሎችን ከሚንከባከቡት አስትሮሳይቶች ይወጣል፣ ኒውሮፊላመንት ከራሱ ከነርቩ ክር።

ጎርፍ አስብ። ላይ ያለውን መንደር መታው፣ አንተ ታች ወንዝ ዳር ቆመህ ውሃው ይዞት የሚወርደውን ትቆጥራለህ። ጭዱ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ያልፋል። ጂኤፍኤፒ ማለት ይኼ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ግንዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ለሳምንታትም አያባራም፤ እሱ ኒውሮፊላመንት ነው። ብዙ ከወረደ ላይ ብዙ ፈርሷል ብትል አልተሳሳትክም። የማን ቤት እንደፈረሰ ግን ወንዙ አይነግርህም። የተሰበረው ድልድዩ ብቻ ቢሆንስ? የሚወርደው ጥቂት እንጨት ነው፣ መንደሩ ግን መውጫ መግቢያ አጥቷል። ህብለሰረሰር ደግሞ የትንሿ ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ሁሉም መንገድ ተጠጋግቶ የሚያልፍበት ነገር ነው።

አንዱ «ክፉኛ በተጎዱት ሰዎች ደም ውስጥ የፕሮቲኑ መጠን ከፍ ብሎ በጥናት ታይቷል እኮ» ብሎ ተከራክሮኛል። ታይቷል፣ በአማካይ። አልጋው ላይ የተኛው ሰውዬ ግን አማካይ አይደለም። ከባዱም ቀላሉም ቡድን ውስጥ የሚገኝ ቁጥር ይዞ ሲመጣ ምን ልትለው ነው?

ይኸው ሰው «የጂኤፍኤፒን የደም ምርመራ እኮ ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በ2018 ፈቅዶታል» ብሎም ጨመረልኝ። የተፈቀደው ለጭንቅላት ነው! ቀላል የአንጎል ጉዳት የተጠረጠረበት አዋቂ ሲቲ ስካን ያስፈልገው እንደሆነ ለመወሰን የሚያግዝ ምርመራ ነው፤ ህብለሰረሰር ውስጡ የለም። እንዲያውም አንጎል ዋናው ራስ ምታታችን ነው። ክብደቱ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፣ ህብለሰረሰር ደግሞ 35 ግራም አካባቢ። ከከፍታ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱም ይመታል፤ ያኔ ከትልቁ ከተማ የሚወርደው ፍርስራሽ የትንሿን መንደር ይውጠዋል፣ ሁለቱም የሚያፈስሱት እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን አደከመን? አሁን የጉዳቱ ክብደት የሚለየው በእጅ ምርመራ ነው። ሐኪሙ በጥጥ ይነካል፣ በመርፌ ጫፍ ወጋ ያደርጋል፣ «ስለታም ነው ደነዝ?» ይላል፣ እጅና እግር አንቀሳቅስ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ጣቱን ፊንጢጣ ውስጥ አስገብቶ «ይሰማሃል? ጭምቅ አድርገው» ይላል። ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ባለው መለኪያ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠውን ካልተቋረጠው የሚለየው ይኼ የመጨረሻው፣ ማንም የማይወደው ክፍል ነው። ራሱን ስቶ መተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰው ግን «ይሰማኛል» አይልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚመጣው የህብለሰረሰር ሾክ (ከጉዳቱ በታች ያለው ሁሉ ለጊዜው ጸጥ ሲል) ምክንያት ደግሞ የነቃውም ሰው ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ደሙ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው፤ ከኤምአርአይ ጋር ተደርቦ፣ እንደ ተጨማሪ ምስክር። ለመድኃኒት ሙከራ ተመሳሳይ ጉዳት ያላቸውን ሰዎች ለመመደብም እንዲሁ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ለዚሁ ሥራ የሚለኩ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ፤ ኤንኤስኢ የሚባለው ቀይ የደም ሴል ውስጥም ስላለ፣ ደሙ በጥድፊያ ተስቦ ሴሎቹ ከፈነዱ ቁጥሩ በከንቱ ያሻቅባል። ኤስ100ቢ የሚባለው ከስብም ይወጣል፣ አጥንት ሲሰበርም ከፍ ይላል። ኒውሮፊላመንት በዕድሜ ይጨምራል፣ ኩላሊት ሲደክምም እንዲሁ። ስለዚህ ውጤት ይዘህ መጥተህ «ከባድ ነው ወይ?» ስትለኝ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቅህ ጉዳቱ የደረሰው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና ደሙ የተቀዳው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነው።