ስለ ትናንሽ ንግዶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ትናንሽ ንግዶች ለአገር ኢኮኖሚ የሚጨምሩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም"

አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ናቸው፤ ሲደመሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደ ዓለም ባንክ ግምት በዓለም ካሉ ድርጅቶች 90 በመቶ ያህሉ አነስተኛና መካከለኛ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሥራ ዕድል የያዙትም እነሱ ናቸው።

"ሥራ የሚፈጥሩት ትንሽ ስለሆኑ ነው"

ይህን ስህተት የሚያዘወትሩት የዘርፉ ወዳጆች ናቸው። ሃልቲዋንገር፣ ጃርሚን እና ሚራንዳ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ድርጅቶች መረጃ ፈትሸዋል። የድርጅቱ ዕድሜ ከግምት ሲገባ፣ በመጠኑና በዕድገቱ መካከል ይታይ የነበረው ዝምድና ጠፋ። ሥራ ፈጣሪዎቹ አዳዲሶቹ ናቸው፤ አዲስ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ በመሆኑ ነው ሁለቱ የሚምታቱት። ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይዘጋሉ፤ ከተረፉት መካከል ግን በፍጥነት የሚያድጉ አሉ።

ድጋፍን በሠራተኛ ቁጥር ብቻ መወሰን የሚጎዳውም ለዚህ ነው። በሠራተኛ ቁጥር የተሰመረ መስመር ድርጅቶች ከማደግ እንዲቆጠቡም ሊያደርግ ይችላል፤ በፈረንሳይ ከ50 ሠራተኛ ጀምሮ ተጨማሪ ግዴታዎች ይመጡ ስለነበር፣ 49 ላይ የቆሙ ድርጅቶች ቁጥር ጎልቶ ታይቷል።

"የሚያተርፍ ንግድ አይወድቅም"

ይወድቃል፤ ደግሞም ገበያ በደራለት ሰዓት። በ80 የገዛውን ዕቃ በ100 በዱቤ የሸጠ ነጋዴ በመዝገብ 20 አትርፏል። ለአቅራቢው በ15 ቀን ከፍሎ ከደንበኛው በ60 ቀን የሚቀበል ከሆነ ግን፣ ያንን 80 ለ45 ቀን ከራሱ ኪስ መሸፈን አለበት። ሽያጩ እጥፍ ሲሆን ክፍተቱም 160 ይደርሳል። ትርፉ ወረቀት ላይ እያለ ለደመወዝ የሚከፈል ገንዘብ ይጠፋል።

ባለቤቱ የቀጣዮቹን 13 ሳምንታት ገቢና ወጪ በየሳምንቱ እየገመተ ቢመዘግብ ክፍተቱን አስቀድሞ ያየዋል። ከቅድሚያ ክፍያ ጋር መሸጥም ክፍተቱን ያጠብባል። ይሁን እንጂ ትልቁ ቁልፍ ያለው በትልልቅ ገዢዎች እጅ ነው፤ ክፍያ ያዘገየ ትልቅ ተቋም ከትንሹ ነጋዴ ያለ ወለድ እንደተበደረ ይቆጠራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት ተቋማት በመደበኛነት በ30 ቀን እንዲከፍሉ የደነገገው ይህን ለመግታት ነው።

"ብድር ከተገኘ ሌላው ይስተካከላል"

የብድሩ ዓይነትም ይወስናል። ለ5 ዓመት የሚያገለግል ማሽን በ1 ዓመት ብድር ሲገዛ፣ ማሽኑ ዋጋውን ሳይመልስ ብድሩ ተከፍሎ ማለቅ አለበት። ያኔ ዕዳው የሚከፈለው ለጥሬ ዕቃ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ይሆንና ማሽኑ ያለ ሥራ ይቆማል።